የሚወጣውን ሰው በምን እንቀበለው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ከማረሚያ ቤት ወጥተው ወደ ቤታችን ስለሚመለሱ ልጆቻችን፣ ባሎቻችንና ወንድሞቻችን ነው። ጌዴኦ የቡና አገር ነው። እሸቱ ተለቅሞ ብር እጅ ሲገባ መሸታ ቤቱ ይሞላል። የከረመ የድንበር ቂም ይነሳል፣ ዱላ ይነሳል። በማግስቱ ስንቅ ይዘን ጣቢያ የምንሄደው እኛ ነን።

ሰው ሲታሰር መጠጡ በግድ ይቋረጥበታል። እኛም «ተመስገን፣ ከአረቄው ተላቀቀ» እንላለን። ነገር ግን በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ እንደሚጥል በሽታ መውደቅም ሊመጣ ይችላል። ይህ ጋኔን አይደለም፣ ማስመሰልም አይደለም። ሊገድል የሚችል ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው። ስለዚህ ስንቅ የምታደርስ እናት ወይም ሚስት «በየቀኑ ይጠጣ ነበር፣ ሐኪም ይየው» ብላ ለጠባቂው ትንገር። ይህን መናገር አያሳፍርም።

ሁለተኛው አደጋ በሚወጣበት ቀን ነው። ይቅርታ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለአዲስ ዓመት ነው። በመስከረም የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ የቡና ለቀማ ይደርስበታል። ሥራ የለውም፣ የተጣላው ሰው ጎረቤቱ ነው፣ በመንደሩ የሚታወቀው «እስረኛው» በሚል ስም ነው። ወራት ሳይጠጣ የቆየ ሰውነቱ ደግሞ የድሮውን ያህል መጠጥ አይችልም። ድሮ የለመደውን መጠን ሲጠጣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል።

እኛስ በምን እንቀበለዋለን? እውነቱን እንናገር። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ሲፈታ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብሎ ተሰበሰበ። የመጀመሪያውን መለኪያ የቀዳንለት እኛው ነን። በፍቅር ነበር። ገና ሳይደርስ ተጣልቶ ተመልሶ ገባ።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። ከአባላቶቻችን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት አረቄ አውጥተው በመሸጥ ነው። ጌሾና ብቅል ገዝታ፣ ድፍድፍ አዘጋጅታ፣ ጭስ ውስጥ የምትውል ሴት ወድዳ አይደለም። «አረቄሽን ተዪ» ብሎ ምትክ ሳይሰጡ መሄድ ልጆቿን አታብዪ ማለት ነው። እንደዚያ አንልም። ነገር ግን ከእስር የመጣ ልጅ በተኛበት ጓዳ ማታ ማታ አረቄ እየተሸጠ «አትጠጣ» ማለትም ከንቱ ነው።

ስለዚህ የተስማማንባቸው ነገሮች አራት ናቸው። አንደኛ፣ የሚወጣውን ሰው በቡና፣ በዋሳና በጎመን እንቀበላለን፤ መለኪያ አናቀርብም። ሁለተኛ፣ ሰው የሚመለስባት ቤት አረቄ የምታወጣ ከሆነ የዕቁቡ ዕጣ ቀድሞ ለእሷ ይሰጣል፤ በዚያ ገንዘብ በርበሬና ሽሮ፣ ቆጮ ወይም ቡና መነገድ ትጀምራለች። ሦስተኛ፣ ሁለት አባላት በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል፤ መጠጣት ከጀመረም ከመንቀፍ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። አራተኛ፣ ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር ያለው ቂም እንዲበርድ በሶንጎ ለሚቀመጡት ሽማግሌዎች ቀድመን እንነግራለን። ዕርቅ ያልወረደበት ሰው ፍርሃቱን በመጠጥ ይሸፍናል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመነ ሰው በአመክሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። በአመክሮ የወጣ ሰው እንደገና ካጠፋ ቀሪውን እስራት ሊጨርስ ይመለሳል። አንድ የመጠጥ ማታ የስንት ዓመት ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ከቡሌ ወይም ከገደብ ለሚመጣ ሰው ግን የትራንስፖርትና የመድኃኒቱ ወጪ ይከብደዋል። ሕመሙ ሲጠና ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ብቻውንም አይሄድም፣ አስታማሚ ይፈልጋል። ይህን ወጪ አግዙን። አረቄውን ለምትተው ሴትም የመነሻ ገንዘብ ጨምሩላት፤ ዕቁባችን ብቻውን ለሁሉም አይበቃም።

አባላት ሆይ፣ አንድ ጊዜ ወድቆ የተነሳ ሰው ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ሱስ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ሲወድቅም በሩን አንዝጋበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዲት እናት ብቻዋን የማትችለውን እኛ ተካፍለን እንችለዋለን።