የጎተራችን ጉጉት

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የጎተራ ኮሚቴው ያሰማው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ስለ አይጥ ሪፖርት ይዘን እንድንመጣ ታዘን ነበር። ስለ አይጥ ተጠይቀን ስለ ጉጉት ልናወራ በመነሣታችን አንዳንዶቻችሁ ሳቃችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ አማትባችኋል። ሁለቱንም አይተናል። እኛም የጀመርነው ከማማተብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር፣ በቁጠባችን የገዛነውን እህል ባከማቸንበት መጋዘን ኮርኒስ ውስጥ፣ ማታ ማታ እንደ እባብ የሚነፋ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ዘበኛው እባብ ነው ብሎ ዱላ ይዞ በመሰላል ቢወጣ ያገኘው ጉጉት ሆነ፤ ፊቷ ነጭ፣ ቅርጹ ልብ የመሰለ፣ አምስት እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች። ያን ቀን ብዙ ተባለ። ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሬሳ ይወጣበታል ሲባል ሳትሰማ ያደገች ከመካከላችን የለችም። በጭስ እናስወጣት ያለች ነበረች፤ ጠበል ይረጭ ያለችም ነበረች። አንዲት እናታችን ግን "ይህች እኮ እህሉን ብላ አልመጣችም፤ እህሉን የሚበላውን ብላ ነው የመጣችው" አሉን። ለጊዜው ትቆይ ተባለ።

ከኮርኒሱ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ድቡልቡል ነገር በየቀኑ ይወድቅ ነበር። ኩሷ መስሎን ስንጠርገው ከረምን። ኋላ እንደተረዳነው ኩስ አይደለም። ጉጉት አይጥን እንዳለ ነው የምትውጠው፤ ፀጉሩንና አጥንቱን ሆዷ ስለማይፈጨው ጠቅልላ በአፏ ትመልሰዋለች። ጥቂቱን በሣህን ውኃ ዘፍዝፈን በስንጥር ፈለፈልነው። ከአንዱ ድቡልቡል ብቻ የሦስት አይጥ ራስ ቅል ወጣ። እህል አንዲት ፍሬ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ጠበል የሚለው ቀረ።

ስለ አይጦቹም ትንሽ እንበል። ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ሥር ቁልቁል እስከ ጣና ዳር ያለውን ማሳ የሚፈጀው አይጥ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በሳይንስ ስሙ "አርቪካንቲስ ደምቤንሲስ" ተብሎ ነበር፤ የደምቢያ አይጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ስሙን ያወጣለት አገራችንን ተዘዋውሮ ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። (የደምቢያ ተወላጆች አትቀየሙን፣ ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም።) ይኸኛው ይበልጡን በቀን ይወጣልና ለድመትና ለጭልፊት እንተወው። ሌሊት የምትወጣዋ፣ ጡቷ የበዛው አይጥ ናት አስቸጋሪዋ፤ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ትወልዳለች። ሌሊት ደግሞ የጉጉት ነው። ጆሮዎቿ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የተተከሉ ስለሆኑ ድምፁ ከየት አቅጣጫና ከምን ያህል ዝቅታ እንደመጣ ለይታ በድቅድቅ ጨለማ አይጥ ትይዛለች።

እና ደብተር ገዝተን መመዝገብ ጀመርን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማምሻ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ከመጋዘኑ ራቅ ብለን እንቀመጣለን፤ ስንት ጊዜ ወጣች፣ ስንት ጊዜ ይዛ ገባች የሚለውን እንጽፋለን። እንቁላል ላይ ሳለች መሰላል አንወጣም፤ የደነገጠች ጉጉት እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። በኅዳር ከአምስቱ አራቱ ተፈለፈሉ። እንቁላሏን በአንድ ቀን አትጥልም፤ በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እየጣለች ከመጀመሪያው ጀምራ ስለምታቅፍ ጫጩቶቹ እንደ ደረጃ ናቸው፤ ትልቁ ላባ ሲያወጣ ትንሹ ገና ጥጥ ነው። ምግብ ካነሰ የሚቀረው ትንሹ ነው። የኛም ትንሹ ሞተ፣ ይህን እንደ ተፈጥሮ ተቀበልነው።

የሚያሳፍረን ሁለተኛው ነው። ከእኛው አንዷ፣ ስሟን አንጠራም፣ እሷም እዚህ ተቀምጣለች፣ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝታ በዱቄት ለውሳ በመጋዘኑ ጥግ አስቀመጠች። አላጠፋችም፤ እኛ ስለ ጉጉቷ ለሁሉም አልተናገርንም ነበር። በሦስተኛው ቀን እየተንገዳገዱ የሚሄዱ አይጦች አየን። በአምስተኛው ቀን አንድ የደረሰ ጫጩት፣ አጠገቡ ግማሹ የተበላ አይጥ፣ ሞቶ ተገኘ። የሁለት ሰው ዶሮም ሞቷል። በጥር የበረሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

እነዚያ ሁለቱ የት ገቡ? በሚቀጥለው ጥቅምት አንዲት ጉጉት ብትመጣ ያቺው ናት ወይስ ሌላ? ደብተራችን ይህን አይመልስልንም። ሌላው ዓለም የሚመልሰው በቀለበት ነው። ቀለበቱ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቀላል ብረት ሲሆን በጫጩቱ እግር ላይ እንደ ሕፃን አልቦ ይታሠራል። በዚህ መልክ የጀመረው ዴንማርካዊው መምህር ሐንስ ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። በእኛም አገር ከ1969 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የኖረው እንግሊዛዊ ጆን አሽ በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ላይ ቀለበት አስሯል። እኛ ግን እንሠር አንልም። ያልሠለጠነ እጅ እግር ይሰብራል፤ የዱር አራዊትን መያዝም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። የምንችለውን እንሥራ፤ ወደ ጣና ዳር በበጋ ከአውሮፓ ከሚመጡት ወፎች ውስጥ ቀለበት ያለው ስላለ፣ ልጆቻችን የሞተ ወፍ እግር ላይ ቢያገኙ ለመጫወቻ አይውሰዱት፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ያምጡልን፣ በተጻፈው አድራሻ እንልከዋለን። በሕይወት ካለ ወፍ ላይ ቀለበት አይወለቅም። መተት ነው፣ የሰላይ ነው የሚል ካለም ወደኛ ላኩት።

ሌላው ሳጥን ነው። በእስራኤል ስዴ ኤሊያሁ በሚባል የእርሻ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለዚህችው ጉጉት ሳጥን በየማሳው ይሰቀላል፤ ኋላም የዮርዳኖስና የፍልስጤም ገበሬዎች ገብተውበታል፤ በሌላ ነገር የማይስማሙ ጎረቤቶች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ከጣውላ ይሠራል። ቀዳዳው አንድ ስንዝር ያልሞላ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ ጫጩቶቹ ገና ሳይበርሩ ይወድቃሉ። ድመት እንዳይወጣ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ከዝናብ ተመልሶ ይሰቀል። የመጋዘኑ ኮርኒስ እያረጀ ስለሆነ በክረምቱ ሳይፈርስ አይቀርም፤ ሳጥኑን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጉባኤው እንዲወስንልን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በመጋዘኑና በአባላት ጎተራ ዙሪያ መርዝ አይቀመጥ፤ በምትኩ ጎታው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ቀዳዳው ይለሰን፣ ወጥመድ ይጠመድ። ጉጉቷ ብቻዋን አይጥን ትጨርሳለች ብለን አንዋሽም። ሁለተኛው፣ ለአንድ ሳጥን የሚሆን የጣውላና የምስማር ወጪ ከመጠባበቂያው ይፈቀድልን።

አናጺው ሐሙስ ይመጣል። የቅዳሜው ተራ ጠባቂ ከየካቲት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ደብተሩ ጸሐፊዋ ዘንድ አለ። መርዙን የገዛችው እህታችን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወስዳለች፤ አብራት የምትቀመጥ አንዲት ትቀራለች።