ሰሊጡ ሲከዳ

መተማ ላይ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የተንጠለጠለው ሰሊጥ ላይ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ሌማቱ ይራቆታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ ብዙ ሕዝብ በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሮ ገባ።

ታዲያ ማን ይደርሳል? ከቤተ ክርስቲያን በኩል ትልቁ ተቋም በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች በንጹሕ ውኃ፣ በጤናና በስደተኞች ሥራ ይታወቃል፤ ከውጭ አጋሮችም ድጋፍ ያገኛል።

ትንሹ ደግሞ የአጥቢያ ምእመናን ማኅበር የሆነው ሰንበቴ ነው። ብሩ ጥቂት ነው፣ እውነት ነው። ግን ወባ የጣለው አባወራ የትኛው እንደሆነ፣ የማን ጎተራ እንደጎደለ አባላቱ ቀድመው ያውቃሉ። ማመልከቻ የሚጠይቅ የለም፤ እህሉ ማታ፣ ጎረቤት ሳያይ፣ ደጃፍ ይደርሳል።