የዘር መዝገብና የመምህር አደራ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በአገራችን ተዘዋውሮ የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት አደነቀ። ኋላም ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚቋቋም ዘረ መል ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ ለካሊፎርኒያ እርሻ ጋሻ ሆነ። በዚያው አቆጣጠር ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ ዘራችን በአዲስ አበባ ማከማቻ ይጠበቃል።

ዛሬ የእህል ዘረ መል ተነብቦ በኮምፒውተር መዝገብ ስለሚሰፍር፣ ዘር አዳቃዩ ድርቅንና ዋግን የሚችለውን ይፈልግበታል። ነገር ግን ዘሩ የበቀለበት ስፍራና ገበሬው የመረጠበት ምክንያት አብሮ ካልተጻፈ መዝገቡ ዲዳ ነው።

እጩ መምህራኖቼን የአያቶቻቸውን ገብስ ስም ብጠይቃቸው፣ የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አደራ እላለሁ፤ ተማሪዎቻችን ሽማግሌዎችን ጠይቀው የእህሉን ስም፣ ጠባይና አገር ይጻፉ። አዋቂው ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ የለም።