ቦታውን የለቀቀ ሰው ሠራሽ ጡት፦ ዳግም ቀዶ ሕክምናን ስለ ማመዛዘን

(በሆሳዕና ለጤና ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ጡት በአደባባይ ልናገር ስነሣ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር በመሠረቱት በከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ አማካይነት ሽማግሌውንና እናቲቱን በአንድ ጉባኤ አስቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ያወያዩት በዚሁ አካባቢ ነው። ከእርሳቸው በኋላ እኔ በዚህ አዳራሽ ብሸማቀቅ ነውር ይሆንብኛል።

የተወለድሁት ሀደሮ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለሁ በግራ ጡቴ ካንሰር ተገኘብኝ። ጡቴ በቀዶ ሕክምና ተወገደ፤ በዚያው ዕለት ከደረት ጡንቻዬ ሥር የሲሊኮን ኢምፕላንት ተቀመጠልኝ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም የጨረር ሕክምና ወሰድሁ። ዛሬ ኢምፕላንቱ በነበረበት የለም። ደንድኗል፤ ወደ ላይና ወደ ብብቴም ሸሽቷል። ጨረር እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ያኔ የነገረኝ አላስታውስም። ምናልባት ተነግሮኝ በድንጋጤ አልሰማሁ ይሆናል። ሐኪም ስትሆኑ ትልቁን ዜና በነገራችሁበት ዕለት ሌላውን ሁሉ አትንገሩ፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ ንገሩ።

ከእናንተ መካከል «ይህ ለሀደሮ ሴት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ዘንድ ከሁሉም ይልቅ የሚታየው ካንሰር ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ጡቷ የተወገደ አብዛኛዋ ሴት ኢምፕላንት የሚባል ነገር አይቀርብላትም። ነገር ግን የሀዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካም አረብ ሀገርም ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉም። አንዲት ሴት በካንሰር ምክንያትም ሆነ በውበት ፍላጎት በሌላ ሀገር ያስቀመጠችውን ይዛ እናንተ ተመድባችሁ በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ትቀርባለች። «ሸሸብኝ፤ ምን ላድርግ?» ስትል ቢያንስ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ሰውነት ለባዕድ ነገር ሁሉ እንደሚያደርገው በኢምፕላንቱ ዙሪያ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ቀጭንና ልል ሆኖ ከቀረ ችግር የለም። ሲኮማተር ግን ኢምፕላንቱን ይጨምቀዋል፣ ያጠነክረዋል፣ ይገፋዋል፤ ሐኪሞች የመኮማተሩን ደረጃ ከአንድ እስከ አራት ይመድቡታል። ጨረር ይህን ያባብሳል። ሌላው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ኪሱ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ከነበረ፣ ወይም ኢምፕላንቱ ለቆዳው ከከበደ፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ አልፎ አልፎም ሁለቱ በደረት መካከል ይገናኛሉ። ለሁለቱ የሚደረገው ሥራ አንድ አይደለም። የሰፋ ኪስ በስፌት ይጠብባል፤ የተኮማተረ ከረጢት ይከፈታል ወይም ተቆርጦ ይወጣል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሠራ እርማት መልሶ ይሸሻል፤ እያንዳንዱ መክፈትም ቆዳውን ያሳሳል።

አሁን ስለ እንሰት ልናገር ነው፤ አትሣቁ። ባለፈው ዓመት ሀደሮ ወርጄ ከአክስቴ ጋር እንሰት ለመፋቅ ተቀመጥሁ። የቀርከሃውን መፋቂያ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች በተጫንሁ ቁጥር ኢምፕላንቱ ወደ ብብቴ ሲዘል ተሰማኝ። ከጡንቻ ሥር የተቀመጠ ኢምፕላንት ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፤ በመጻሕፍት ያነበብሁትን በአክስቴ ጓሮ ተማርሁት። በጨረር በተጎዳ ደረት ላይ ከሌላ ኢምፕላንት ይልቅ ከራስ ገላ የሚወሰድ ሥጋና ቆዳ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ከሆድ ሊወሰድ ይችላል፤ ወይም ከጀርባ ሰፊው ጡንቻ። ይህ የጀርባ ጡንቻ ግን ክንድን ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚስብ ነው፤ ለመፋቅም ለመቆፈርም ያገለግላል። እኔ መምህርት ነኝ፤ ጥቂት ጉልበት ቢጎድልብኝ እኖራለሁ። በእንሰቷና በዝንጅብል ማሳዋ የምትኖረው ሴት ግን በእጆቿ ምን እንደምትሠራ ሳትጠየቅ ፈቃድ ላይ ልትፈርም አይገባትም።

የዕቃው ታሪክም ጥንቃቄ ያስተምራል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሂውስተን ተቀመጠ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ1992 አጠቃቀሙን በእጅጉ ገድቦ በ2006 ፈቀደው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ አምራች ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ሲሞላ ተገኝቶ በ2010 ምርቱ ታገደ። በ2019 ደግሞ አለርጋን ገጻቸው ሻካራ የሆኑ ኢምፕላንቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ በከረጢቱ ውስጥ ከሚነሣ ብርቅ የሊምፎማ ዓይነት ጋር መያያዛቸው ነበር። ስለዚህ የመጣችውን ሴት ካርዷን ጠይቋት፤ የአምራቹ ስምና መለያ ቁጥሩ በእርሱ ላይ አለ። የእኔ ከዲግሪዬ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል።

ከቅርጽ በፊት ደግሞ ደኅንነት ይታያል። ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን? ኢምፕላንቱ ተቀዶ ይሆን? መቀደዱ ያለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይፈለጋል። ከዓመታት በኋላ በድንገት ያበጠ ጡት ፈሳሹ ተቀድቶ መመርመር አለበት። እነዚህ ከሌሉና ሕመሙ ከተቻለ፣ እንዳለ መተውም ምርጫ ነው። አውጥቶ ደረትን ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋትም እንዲሁ። ይህኛውን ሐኪሞች መጨረሻ ላይ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው የሚጠቅሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አክስቴ «ልጄ፣ ደግሞ ለማን ብለሽ ነው የምትቀደጅው?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቀዶ ሐኪሙ ካነሣቸው ሁሉ ከበደኝ። በግራ ጎኔ መተኛት እንዳልቻልሁ፣ ቦርሳ ስይዝ እንደሚቆረቁረኝ ነገርኋት። እውነት ነው። መስታወት ፊት ስቆም ዓይኔን እንደምመልስ ግን አልነገርኋትም፤ ለእናንተ ነገርሁ።

አልትራሳውንድ ተነሥቻለሁ፤ መቀደድም ሆነ አዲስ እባጭ አልታየም። የቀረቡልኝ ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ኢምፕላንቱን አውጥቶ ከሆድ በሚወሰድ ሥጋ መተካት፣ ወይም አውጥቶ መዝጋት። ሌላ ኢምፕላንት ማስቀመጥን እኔው ሰርዤዋለሁ፤ የሚሸሽ ነገር ይዤ ከሀደሮ አዲስ አበባ ስመላለስ መኖር አልፈልግም። የመጀመሪያው ረጅም ቀዶ ሕክምናና ረጅም ማገገም ይጠይቃል፤ የሆድ ግድግዳን የማድከም ሥጋትም አለው። ሁለተኛው አጭር ነው። ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ በሌሊት ግን ይለወጣል።

ቀጠሮዬን ከመስቀል በኋላ አድርጌዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት ክልክል ነው፤ በመስቀል ሰሞን ደግሞ በአክስቴ ቤት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሴት የለም። እስከዚያ የምትጠይቁኝን ሁሉ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ከኋላ ካለችው ተማሪ እንጀምር።