ወንዝ የገባ ፌስታል ወዴት ይሄዳል?

ለገጠር እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ፕላስቲክ ስብርባሪ ነው። ከገበያ ስኳሩን በፌስታል ይዘን እንመጣለን፤ ፌስታሉንም ደጅ እንጥለዋለን። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ይጨምረዋል። ከዓይናችን ስለ ራቀ የጠፋ ይመስለናል፤ ነገር ግን አልጠፋም።

የጤፍ ገለባ በስብሶ አፈር ይሆናል። ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ድንጋይና ውሃ ይፈጨዋል፤ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ እንደ ገለባ አይበሰብስም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውን ስብርባሪ የሳይንስ ሰዎች ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል። ትልቁ የምስር ፍሬ ያህል ነው፤ ትንሹ ግን በዓይን አይታይም። ከፌስታል ብቻ አይመጣም፤ ከሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት፣ ከናይሎንና ከፖሊስተር ልብስ ሲታጠብ ከሚረግፈው ክርም ይመጣል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሦች ከመቶው 35 ያህሉ ፕላስቲክ በሆድ ዕቃቸው ተገኝቶባቸዋል።

ታዲያ ሰውን ምን ያደርገዋል? ትሉኝ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ነገሩ ገና ብዙ ምርምር እንደሚያስፈልገው፣ በመጠጥ ውሃ በኩል ግን ቅድሚያ የሚሰጠው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ማጥፋት መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ውሃ ማፍላቱን እንዳትተዉ! ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል። ፕላስቲክ ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም፤ በነጠላ ብናጠልለውም ደቃቁ ያልፋል። የሚሻለው ወንዝ ሳይገባ መከልከል ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ይህን እናድርግ፦

1ኛ/ ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ያዙ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

2ኛ/ ልብስ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። ውሃውን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ እጠቡና እጣቢውን መሬት ላይ ድፉ።

3ኛ/ ዓሣ ስትሠሩ ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በደንብ እጠቡ፤ ዓሣው የዋጠው ፕላስቲክ የሚበዛው እዚያ ነውና።

4ኛ/ እሳት በፌስታል አታቀጣጥሉ። ቶሎ ይያያዛል፤ እውነት ነው። ግን ጭሱ መርዝ አለበት፤ በጀርባችሁ ያዘላችሁት ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይስባል። ጭራሮ ይበቃል።

5ኛ/ የቤቱን ፕላስቲክ በአንድ ከረጢት አጠራቅሙ። ጠርሙስና ጀሪካን የሚገዛ ሲመጣ ሽጡለት። የቀረውን ከምንጭና ከወንዝ በራቀ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ሜዳ ላይ ከቀረ ላሚቱ ትውጠዋለች፤ ሆዷም ይዘጋል።

እናቶቼ፤ እኛ የለቀቅነውን ውሃ በታችኛው መንደር ያለች እናት ቀድታ ለልጆቿ ታጠጣለች። እኛም የምንቀዳው ከላይኛው መንደር የመጣውን ነው። ስለዚህ አንዲት ቤት ብቻዋን ብትጠነቀቅ አይበቃም፤ በዕድርም፣ በቡና ላይም ተነጋገሩበት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ ደጃችንን እንልቀም።