የወገን ያለህ! የጤና መድኅኑስ ወዴት አለህ?

(ጅማ ከተማ ላይ ለእድር ሰብሳቢዎችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ስለ ፌስቡክ እንድናገር ስትጠሩኝ አንዳንድ አባቶች «ይኸ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ሳይሥቁ አልቀሩም። እስቲ ልጠይቃችሁ። «የወገን ያለህ» የሚል ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያልደረሰው ሰው ከመካከላችን አለ? የልጅ ፎቶግራፍ፣ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ፣ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ «ገንዘብ ባይኖርዎ ሼር በማድረግ ይተባበሩ»። ድሮ ይኸንኑ በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር የምንሰማው። አሁን መኪናው ኪሳችን ውስጥ ገባ፣ ይኸው ነው።

ያን ማስታወቂያ የሚያወጣው ሰው ሰነፍ አይደለም። አጋሮ፣ ጌራ ወይም ሊሙ ገነት ትንሽ የቡና ማሳ ያለው ገበሬ ነው። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ፣ መስከረም ገደማ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ገንዘብም እጁ የሚገባው ያኔ ነው። በሽታ ግን እሸት ቡናው እስኪቀላ ድረስ አይጠብቅም! ክረምት ላይ ልጁ የታመመበት ገበሬ ያለው ምርጫ ምን ነበር? ገና ዛፉ ላይ ያለውን ቡና ለአራጣ አበዳሪ በርካሽ መሸጥ፣ አለዚያም ከብቱን መሸጥ። ዛሬ ሌላ በር ተከፈተለት፤ የማያውቀው ሰው። ሚኒሶታ ያለ ታክሲ ነጂ፣ ቤይሩት ያለች የቤት ሠራተኛ፣ ሐዋሳ ያለ ተማሪ ሃምሳ ብርም ቢሆን ይልክለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸ አይደል?

«የጤና መድኅን አለ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ። እንዲያውም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። ሕዝቡ መዋጮውን ከፈለ፣ ደብተሩን ተቀበለ። ግን መድኅኑ ሲጀመር የወጣውን የአገልግሎት ዝርዝር ያነበበ ስንቱ ነው? የውጭ አገር ሕክምና አልተካተተም። የአካል ንቅለ ተከላ አልተካተተም። ለዘለቄታው ሥራ ያቆመ ኩላሊት እጥበትም አልተካተተም። እንግዲህ ለወባና ለሳንባ ምች መድኅን አለን፤ ቤት የሚያፈርሰው በሽታ ሲመጣ ግን ፌስቡክ! የበጀት ጉዳይ ነው ይሉናል። ይሁን፤ በጀቱን የሚደለድለው ማነው?

አለማመስገን ነውር ነው። በ2017 ዓ.ም. መቄዶንያ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን ሕንፃ ማስጨረሻ በዩቲዩብ በቀጥታ ሲለምን ሕዝቡ በቀናት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጣ። ደግነቱ አልነጠፈም። መቄዶንያ ግን ስም ያለው ድርጅት ነው፤ የጌራ ገበሬ ማን ያውቀዋል?

ወጣቶች ደግሞ ይኸን ልብ በሉ። ጎፈንድሚ የሚባለው መድረክ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አያስተላልፍም፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ከፍቶ፣ አውጥቶ መላክ አለበት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ። ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ሥርጭት መለመንም ዋጋ አለው። ቢቢሲ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ፣ የሶርያ ተፈናቃዮች በመጠለያ ሆነው በለመኑት ስጦታ ላይ ኩባንያው እስከ 70 በመቶ እንደሚቆርጥ አሳይቷል። ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ብሎ ተከራከረ። ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ለማኝን የሚቀረጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሁሉ የሚብሰው ግን የመዝጋት በሽታ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ የተከፈቱት በሐምሌ ነው። አምስት ወር! ከተሜው ቪፒኤን ጭኖ ይገባል፣ ባለሥልጣኑም እንዲሁ። ሆስፒታል አልጋ ሥር ተኮራምታ የሰው መልስ የምትጠብቀው የሊሙ እናት ግን ቪፒኤን ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? የዘጋው ክፍል የእሷን ነገር ቆጥሮት ያውቃል? በጸጥታ ስም የሚዘጋው የሕክምና ገንዘብ ጭምር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አትቀየሙኝ። እድራችን ጎበዝ ነው፣ ግን ለሞት ነው። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን፤ ለታመመ ግን «እግዜር ይማርህ» ብለን እንመለሳለን። ይኸንን ክፍተት ነው አጭበርባሪው ያገኘው። የታመመውን ልጅ ፎቶ ወስዶ ሥሩ የራሱን ሂሳብ ቁጥር ይለጥፍበታል። አዲስ አበባ ያለው ሰጪ እውነቱን ከሐሰቱ በምን ይለየው? እናንተ ግን ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ ልጁን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይኸን ነው። የታመመ ጎረቤት ሲኖር ሦስት ሰው ምረጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። በሦስቱ ፊርማ ብቻ የሚወጣ ዝግ ሂሳብ ክፈቱ። ቀን ያለበትን የሐኪም ወረቀት፣ የእድሩን ማኅተም ጨምራችሁ አውጡ። የልጁን ገላ አታራቁቱ፤ ድኖ ሲያድግ ያ ፎቶ ይጠብቀዋል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲሞላ «ሞልቷል፣ አትላኩ» በሉ። ልጁ ከሞተም አትደብቁ፤ ለሰጪው ንገሩት፣ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ሕመምተኛ እንደምታውሉት ጻፉለት። ለወረዳው ጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስንት ሰው መድኅን እያለው ፌስቡክ ላይ እንደለመነ በስም ቆጥራችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።