ስለ ፒቱታሪ ድካምና ስለ ሌሊቱ ሆርሞን
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከአንጎል በታች ተንጠልጥላ የምትገኝ፣ መጠንዋ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን እየላከች በአንገታችን ላለው ለታይሮይድ ዕጢ ትእዛዝ ትሰጣለች።

ትእዛዙ ግን ሁልጊዜ አንድ ዐይነት አይደለም። በጤነኛ ሰው ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ ሲመሽ መጨመር ይጀምራል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ከሁሉ ከፍ ይላል። ፒቱታሪ ስትደክም ይህ የሌሊት ጭማሪ ያንሳል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

እኛም በደብተራችን «ቲ.ኤስ.ኤች. ደኅና ከሆነ ታይሮይድ ደኅና ነው» ብለን ጽፈን ነበር። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። የታመመው ታይሮይድ ራሱ እንደ ሆነ ፒቱታሪ ትእዛዙን ታበዛለችና ቁጥሩ በሽታውን ይገልጠዋል። የደከመችው አዛዧ እንደ ሆነች ግን ቁጥሩ ዝቅ ሊል፣ ደኅና ሊመስል፣ ጥቂትም ከፍ ሊል ይችላል፤ የሚወጣውም ሆርሞን ብዙ ጊዜ ጉልበት ያነሰው ነው።

ሃሮልድ ሺሃን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1937 በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳቸው እናቶች ፒቱታሪያቸው ሊሞት እንደሚችል ገለጠ። ዕጢዋ በእርግዝና ጊዜ ትልቃለችና ደም ሲጐድልባት ቶሎ ትጐዳለች። እናቲቱ ወተት አይወርድላትም፤ የወር አበባዋ አይመለስም፤ ውላ አድራ ብርድ ብርድ ይላታል፤ ይደክማታል። ጎረቤት «ሰነፈች» ይላታል። በቀን ደምዋ ተመርምሮ «ደኅና ነሽ» ከተባለች ደግሞ ወደ ማን ትሂድ? ዛሬም በአገራችን ብዙ እናቶች በቤታቸው ይወልዳሉና ነገሩ የሩቅ አይደለም።

መፍትሔው ሌሊቱን ሙሉ ደም መቅዳት አይደለም። ከቲ.ኤስ.ኤች. ጋራ ታይሮይድ ራሱ የሚያወጣውን ነጻ ቲ4 መለካት ነው። ከዚያም በፊት፦ «እናቴ፣ ሲወልዱ ብዙ ደም ፈስሶዎት ነበር ወይ? ልጅዎን አጥብተዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ምንም ገንዘብ አያስከፍልም።

ሕክምናም አለ፤ ነገር ግን ተራ አለው። ኮርቲሶል የጐደላት እንደ ሆነ እርሱ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ታይሮክሲን ቀድሞ ቢሰጥ ሕይወትን ያሰጋልና። የታይሮክሲኑም ልክ የሚታየው በቲ4 እንጂ በቲ.ኤስ.ኤች. አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ሐኪም የምንሆን ሁሉ ቁጥሩን ከማመናችን በፊት እናቲቱን እንስማ።